ሸሚዜን የሚስቡ ሁለት ጣቶች

ቀኝ እጄ አንድ ልማድ ነበረው። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ሸሚዜን ደረቴ መሃል ላይ ይይዙና ወደ ፊት ሳብ ያደርጉታል። ከታክሲ ስወርድ ሳብ። ነፋስ ሲነፍስ ሳብ። ሰው ከፊት ለፊቴ ሲመጣ ሳብ። ጨርቁ ደረቴ ላይ እንዳይለጠፍ ነው። በቀን ስንት ጊዜ እንደማደርገው አላውቅም ነበር። ባለቤቴ፣ ያኔ እጮኛዬ፣ አንድ ቀን ካፌ ተቀምጠን ቆጠረችው። ቡናችንን ጠጥተን እስክንነሳ 19 ጊዜ።

«ሸሚዙ ይኮሰኩስሃል እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ዋሸኋት።

ጡት ነበረኝ። ወንድ ነኝ፣ ጡት ነበረኝ። ይህችን ለመናገር 17 ዓመት ስለፈጀብኝ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ እዚሁ መጀመሪያ ላይ ላስቀምጣት።

የጀመረኝ ደብረ ብርሃን፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። 13 ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ የግራ ጡቴ ጫፍ አመመኝ። ልብስ ሲነካው ያቃጥለኛል። ስዳስሰው ከሥሩ እንደ ቆርኪ ክብ የሆነ ጠንካራ ነገር አለ። ከዚያ ቀኙ ተከተለ። ስምንተኛ ክፍል ስገባ በሹራብ ላይ መታየት ጀመረ። አንድ ልጅ «እትዬ» አለኝ። ስሙ እዚያው ተለጠፈብኝ፤ እስከ አሥረኛ ክፍል እትዬ ነበርኩ። ከኋላ መጥተው ቆንጥጠውኝ የሚሮጡ ነበሩ። እኔም ትከሻዬን ወደ ፊት አጥፌ፣ ጀርባዬን አጉብጬ መሄድ ለመድኩ። እንዲያ ሲሆን ደረት ወደ ውስጥ ይገባል።

ደብረ ብርሃን ግን እንደ እኔ ላለ ልጅ ደግ ከተማ ናት። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ብርዱ ዓመቱን ሙሉ ነው። ሹራብ በሹራብ ላይ፣ ጃኬት በሹራብ ላይ፣ ጋቢ ከሁሉም በላይ ቢደረብ ማንም «ምነው ተጀቦንክ?» አይልም። እዚያ ብርድ ደበቀኝ።

እናቴ ያየችው 16 ዓመት ሲሆነኝ ነው። ልብስ ስቀይር ሳታንኳኳ ገባች። አልሳቀችም። ፊቷ ግን ተለዋወጠ። «ምን አገኘህ ልጄ?» አለች። አባቴን አልጠየቀችም፣ ሐኪም ጋም አልሄድንም። በሳምንቱ ጻድቃኔ ማርያም ይዛኝ ሄደች። ሰባት ቀን ሱባኤ ገባን።

ስለዚያ ሳምንት ክፉ መናገር አልችልም። እናቴ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዛ፣ ደረቅ ዳቦና ቆሎ እየበላች፣ መሬት ላይ እየተኛች የጸለየችው ለእኔ ነው። ግን ጠበል ልብስ ተወልቆ ነው። ወንዶቹ በተርታ ቆመዋል። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ሸሚዜን ይዤ ቆምኩ፣ ማውለቅ አቃተኝ። ከጎኔ አንድ የገጠር ሽማግሌ ነበሩ። አዩኝ። ምንም አልጠየቁኝም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው በእኔና በሌሎቹ መሃል ዘረጉልኝ። «ግባ ልጄ፣ እኔ ይዤልሃለሁ» አሉ። እኚህን ሰው ስማቸውን ሳልጠይቅ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ። ምደባው ሲወጣ ድሬዳዋ ደረሰኝ።

ድሬዳዋን የሚያውቅ ይረዳኛል። ሰው ማታ ማታ ሽርጡን አገልድሞ፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ ደጅ ይቀመጣል። ዶርማችን ውስጥም እንደዚያው ነበር። ስድስት ልጆች ነን፣ አምስቱ ከላይ ምንም አይለብሱም። እኔ ከፋርማሲ የምገዛውን ላስቲክ ያለው ፋሻ ደረቴ ላይ ጠምጥሜ፣ በላዩ ሁለት ካናቴራ ደርቤ እተኛለሁ። ገላዬን የምታጠበው ሁሉም ሲተኛ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ከፋሻው ሥር ቆዳዬ በሽፍታ ይቀላል። ልጆቹ ብርድ ብርድ የሚለኝ ወባ ያለብኝ መስሏቸው ነበር። አንደኛው በራሱ ብር የወባ ምርመራ ሊያስደርገኝ ክሊኒክ ወስዶኛል። ሄድኩለት፤ እውነቱን ከመናገር መርፌ መወጋት ቀለለኝ።

አራት ዓመት እንዲህ ተማርኩ። በሒሳብ መዝገብ አያያዝ ተመረቅኩና አዲስ አበባ ሥራ ያዝኩ።

አዲስ አበባ ላይ ስብ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከሳሁ ይጠፋል። ጂም ገባሁ። ከ84 ኪሎ ወደ 73 ወረድኩ። ሆዴ ጠፋ፣ ጉንጬ ጠፋ፣ ጡቱ ግን አልተነካም። እንዲያውም ዙሪያው ሲከሳ እሱ ጎልቶ ወጣ። ፑሽ አፕ ስሠራ ደግሞ ከሥሩ ያለው ጡንቻ እያደገ ወደ ውጭ ገፋው። ጂም ውስጥ አንድ ጎበዝ «መርፌ ልስጥህ፣ ደረትህን ያደርቀዋል» ብሎኝ ነበር። ፈርቼ ተውኩት። በኋላ ከሐኪም የሰማሁት ነገር አስደነገጠኝ። ለጡንቻ ተብለው የሚወሰዱት የቴስቶስትሮን፣ ማለትም የወንድ ሆርሞን፣ መድኃኒቶች ሰውነት ውስጥ ሲበዙ ከፊላቸው የሴት ሆርሞን ወደሚባለው ኤስትሮጅን ይለወጣሉ። ራሳቸው ወንድን ጡት ያስወጣሉ። ያን መርፌ ወስጄ ቢሆን በእሳት ላይ ቤንዚን ነበር።

ስሙን ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። 29 ዓመቴ ነበር። ሳል ጠናብኝና ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣት ሴት ሐኪም ነበረች። ሳንባዬን ልታዳምጥ «ሸሚዝህን አውልቅ» አለችኝ። «በላዩ ላይ አይቻልም?» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ካናቴራዬን፣ ሁለተኛውን ካናቴራ፣ ፋሻውን ፈታሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሳንባዬን አዳመጠች። ከዚያ ፈቃዴን ጠይቃ በሁለት ጣቷ ከጎንና ከጎን ወደ ጫፉ እየገፋች ዳሰሰች። «ይሄ ስብ አይደለም፣ እጢ ነው» አለች።

እጢ! እንደኛ አገር ሰው እጢ ሲባል የሚታየኝ አንድ ነገር ነው። ፊቴ መለወጡን አየችና ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። «ካንሰር አላልኩህም። ጡት የሚሠራው እጢ ማለቴ ነው። ወንድም ሲፈጠር ትንሽ አለው። አንተ ጋ አደገ። ስም አለው፤ ጋይኔኮማስቲያ ይባላል።» በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈችልኝ። ያ ወረቀት አሁንም የኪስ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። 16 ዓመት ሙሉ እትዬ የሚል ስም ብቻ የነበረው ነገር ሌላ ስም አገኘ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ አነበብኩ። በጉርምስና ጊዜ ከወንድ ልጆች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያም የሚበልጡት ትንሽም ቢሆን ይህ እንደሚያጋጥማቸው አነበብኩ። ኤስትሮጅንና ቴስቶስትሮን ለጊዜው ሚዛናቸው ሲዛባ ነው። በአብዛኞቹ ላይ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ከዚያ በላይ ከቆየ ግን እየጠነከረ ጠባሳ መሰል ሥጋ ይሆንና መድኃኒትም ብዙ አይሠራበትም። ግማሽ ያህሉ! ማለት ያ ክፍላችን ውስጥ፣ ከሚቆነጥጡኝ ልጆች መካከል፣ ልብሱ ሲነካው የሚያመው ሌላም ነበር ማለት ነው። ጋይኔኮማስቲያ የሚለውን ስም ያወጣው የ2ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪም ጋለን ነው ይባላል። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ጳውሎስ ዘኤጊና የሚባል ሐኪም ከጡቱ ሥር እንደ ጨረቃ ቅርጽ ቀድዶ እጢውን ስለማውጣት ጽፏል። ከ1,300 ዓመት በፊት አንድ ወንድ በዚህ ምክንያት ቢላ ሥር ለመተኛት ቆርጧል፤ ያውም ሰመመን በሌለበት ዘመን። ያን ሰውዬ አስቤ አለቀስኩ።

ሐኪሟ ወደ ሆርሞን ሐኪም ላከችኝ። እሱ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለምወስደው መድኃኒት ነው። ለጨጓራ ሲሜቲዲን ወስደህ ታውቃለህ? ለልብ ወይም ለእብጠት ስፓይሮኖላክቶን? ኤች አይ ቪ ላለባቸው ብዙ ሰዎች ይሰጥ የነበረው ኤፋቪሬንዝም እንዲህ እንደሚያደርግ ነገረኝ። መጠጥ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ የታይሮይድ እጢ፣ ሁሉንም አየ። የዘር ፍሬዬንም መረመረ። አፈርኩ፤ ግን አልፎ አልፎ መነሻው እዚያ የበቀለ ዕጢ፣ ቱመር የሚባለው፣ ሊሆን ስለሚችል የግድ ነው። ደምም ሰጠሁ፣ አልትራሳውንድም ተነሳሁ። ሁሉም ደህና ሆነ። የጉርምስናው እጢ ሳይጠፋ የቀረ ነው፣ በቃ።

ይህን ደረጃ ዘልላችሁ ወደ ቀዶ ጥገና አትሂዱ። እለምናችኋለሁ። በተለይ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ፣ ድንጋይ የመሰለ ጥንካሬ ካለው፣ ከጫፉ ፈሳሽ ወይም ደም ከወጣ አትዘግዩ። ከጡት ካንሰር ከመቶው አንድ ያህሉ ወንድ ላይ ነው የሚገኘው። ጥቂት ነው፤ ግን አፍሮ ቤቱ የተቀመጠ ወንድ ዘግይቶ ይደርስበታል።

የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሙ ጋ የተቀጠርኩ ቀን ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ወረፋው ላይ ከጎኔ የተቀመጠችው እናት ልጇን ታቅፋለች። ልጁ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። የፈላ ሽሮ ተደፍቶበት አንገቱና አገጩ ተጣብቀዋል። እኔ ጤነኛ ሰው፣ ሁለት እጅ ሁለት እግር ይዤ፣ እዚህ ምን እሠራለሁ? ገብቼ ይህንኑ ለሐኪሙ ነገርኩት። ጠና ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። «ለመሆኑ የምትተኛው ምን ለብሰህ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ስንት ዓመት?» አለኝ። ነገርኩት። «የዚያን ልጅ አንገት እፈታለሁ፣ ያንተንም እፈታለሁ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም» አለኝ።

ብሩን ከእቁብ አገኘሁት። መሥሪያ ቤት የምንጥለው እቁብ ዕጣ ወጣልኝ። የሥራ ባልደረቦቼ «ምን ልትገዛበት ነው?» ሲሉኝ ላፕቶፕ አልኳቸው። የንስሐ አባቴን ግን አልዋሸኋቸውም። እግዚአብሔር የፈጠረውን ገላ ማስቆረጥ ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነበር። አባ አቀርቅረው ሰሙኝና «የታመመ ይታከማል። አንተ ደግሞ ታመሃል፤ ሳይህ ነው የኖርኩት፣ ቀና ብለህ ቅዳሴ ቆመህ አታውቅም» አሉኝ።

ቀጥሎ እጮኛዬ። ሦስት ዓመት አብረን ስንሆን አንድ ቀን ፊት ለፊት አቅፌያት አላውቅም። በጎን ነው የማቅፋት። ከጓደኞቼም ጋር ትከሻ ለትከሻ ስንሳሳም በግራ እጄ ደረታቸውን ትንሽ ገታ አደርጋለሁ። ነገርኳት። መኪና ውስጥ ነበርን፣ ጨልሟል፤ ሆን ብዬ ጨለማ ጠብቄ ነው። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ እኮ የማታቅፈኝ ስለማትወደኝ መስሎኝ ነበር» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ስለ ጡቱ አንድም ቃል አልጠየቀችም። በእኔ ኀፍረት ሦስት ዓመት ሙሉ እሷም ስትጎዳ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ነሐሴ 2014 ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ክረምቱን የመረጥኩት ጃኬት ስለሚለበስ ነው። ጠዋት ሐኪሙ አቁሞ ደረቴ ላይ በብዕር ክብ በክብ ሣለብኝ፣ ፎቶ አነሳኝ። ከዚያ ሰመመን። ስነቃ ሁለት ሰዓት ገደማ አልፏል። በሁለቱም በኩል ከጡቱ ጫፍ ዙሪያ ያለው ጥቁር ክብ ታችኛው ጠርዝ ላይ ቀድዶ እጢውን አውጥቶታል። የቀለሙ መለያ ላይ ስለሚያርፍ ጠባሳው ይደበቃል። ዙሪያውን ያለውን ስብ ደግሞ በቀጭን ቱቦ መጥጦታል። እጢውን ሙልጭ አድርጎ አላወጣም፤ ከጫፉ ሥር ስስ ሽፋን ይተዋል። ሁሉም ከወጣ ቦታው እንደ ጭልፋ ይጎደጉዳል አለኝ። ያወጣውን በማሰሮ መሰል ዕቃ አሳየኝ። ወደ ላቦራቶሪ ሊላክ ነው። ሁለት ነጣ ያሉ፣ እንደ ጎማ የሚመስሉ ቁራጮች። ትንሽ ናቸው። በእኔ ዓይን ግን ተራራ ነበሩ፤ እነዚህ ናቸው? አልኩ። እነዚህ ናቸው ድሬዳዋን በሌሊት ያሳጠቡኝ?

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፣ አላሳምረውም። ደም የሚያወጡ ሁለት ቱቦዎች ከጎኔ ለሁለት ቀን ተንጠልጥለው ነበር። በጀርባ ብቻ ነው መተኛት። ክንድ ከትከሻ በላይ አይነሳም፤ እጮኛዬ ናት ፀጉሬን ያጠበችልኝ። የሚጨምቅ ጥብቅ ጃኬት ለስድስት ሳምንት ቀን ከሌት ለበስኩ። በሁለተኛው ሳምንት ግራው ላይ ውሃ ቋጠረና አበጠ። ያ ያጋጥማል ተብሎ ተነግሮኝ ስለነበር አልተሸበርኩም፤ በመርፌ መጥጠው አወጡልኝ። የላቦራቶሪው ውጤትም መጣ፤ ደህና ነው። ሥራ በአሥረኛው ቀን ገባሁ። ታክሲ ወረፋ ላይ ግን አደራ፣ ግፊያው አይቻልም። ለአንድ ወር በእግሬ ሄድኩ።

ዛሬ ፍጹም አይደለም። ግራው ከቀኙ ትንሽ ይገባል። የቀኙ ጫፍ ከፊሉ ደንዝዟል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው አይሰማኝም። ይህን የምለው «እንደ ፎቶ ይሆናል» ብሎ የሚነግራችሁ ካለ እንዳታምኑት ነው።

ማንም ያልነገረኝ ግን ሌላ ነው። ጡቱ ሄዷል፣ ጣቶቼ አላወቁም። በኅዳር ታላቁ ሩጫ ሮጥኩ። በፊትም ሁለት ጊዜ ተመዝግቤ ካናቴራውን ከጃኬት ሥር ለብሼ ነበር የሮጥኩት፣ በላብ እየታፈንኩ። ያን ቀን ካናቴራዋን ብቻ ለበስኩ። መንገድ ላይ ውሃ ይረጫል። ስገባበት ጨርቁ ደረቴ ላይ ልጥፍ አለ። ቀኝ እጄ ወዲያው ሄዶ ሳብ። የሚሳብ ነገር የለም እኮ! ትንሽ ሮጬ ደግሞ ሳብ። ትከሻዬም እንደታጠፈ ነው። ሐኪሙ በሁለት ሰዓት የሠራውን ጀርባዬ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀበት። ባለቤቴ በመንገድ ስንሄድ ዝም ብላ መዳፏን ጀርባዬ ላይ ታሳርፋለች። ያኔ ቀና እላለሁ። አሁንም አንዳንዴ ታሳርፋለች።

ልጆቻችሁ ላይ ይህን ካያችሁ አትቆንጥጡ፣ አትሳቁ፣ «ወንድ አይደለህም እንዴ» አትበሉ። «ብዙ ልጅ ላይ ይወጣል፣ አብዛኛው ጊዜ ይጠፋል፣ ካልጠፋ ሐኪም ጋ እንሄዳለን» በሏቸው። ለእኔ ይህን የሚለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ድሬዳዋን በቀን አያት ነበር።

እናቴን የነገርኳት ከሠርጌ በኋላ፣ ለገና ደብረ ብርሃን ስሄድ ነው። እሳት ዳር ተቀምጠናል። ሰምታኝ ስትጨርስ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ብቻህን? ሆስፒታል ብቻህን ተኛህ?» አለች።

«ብቻዬን አይደለሁም እማዬ። እሷ ነበረች።»

«ጻድቃኔ ናት የሐኪሙን እጅ የያዘችው» አለች። አልተከራከርኳትም። እኔም ነጠላ የዘረጉልኝን ሽማግሌ እያሰብኩ ነበር።

«እስቲ ልየው» አለች።

ጃኬቴን አወለቅሁ። ሹራቤን አወለቅሁ። ከሥሩ አንድ ካናቴራ ብቻ ነበር፣ እሱንም አወለቅሁ። ጣቷን ምላሷ ላይ ነካ አድርጋ፣ ልጅ ሆኜ ስወድቅ ጉልበቴን እንደምታሸው፣ ጠባሳውን በቀስታ ዳበሰችው። ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን።

«በል ልበስ» አለች። «ብርድ ይመታሃል።»

ትንሽ ቆየሁ።